የአሜሪካ የባቡር ሐዲድ ገንዘብ ወዴት ሄደ?

መምህር፣ ከደብረ ማርቆስ
ስለ አሜሪካ የኢንዱስትሪ ዕድገት ሳስተምር አንዲት ተማሪ «መንግሥት ለባቡር ኩባንያዎች ብድርና መሬት ሰጠ፤ ሐዲዱም ተሠርቶ አለቀ፤ ታዲያ ሌብነቱ የቱ ጋ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። የሰጠኋት መልስ እኔንም አላረካኝም። ጉዳዩን ጠንቅቃችሁ የምታውቁ ብታስረዱኝ አመሰግናለሁ።

ከቡሬ
ጤና ይስጥልኝ መምህር። ልጅቷ የነገሩን ሥር ነው የጠየቀችው። እ.ኤ.አ. በ1862 የወጣው ሕግ ለአንድ ማይል ሐዲድ በሜዳው 16,000፣ በተራራው እስከ 48,000 ዶላር የመንግሥት ብድር ይፈቅድ ነበር። የዩኒየን ፓሲፊክ ባቡር ኩባንያ ዋና ባለድርሻዎች ክሬዲት ሞቢሊየር የተባለ ድርጅት በእጃቸው አስገብተው የግንባታውን ሥራ ለራሳቸው ሰጡ፤ ዋጋ ጠያቂዎቹም ዋጋ አጽዳቂዎቹም እነሱው ስለነበሩ ሥራው ከሚፈጀው እጅግ አብልጠው አስከፈሉ፤ ትርፉ ወደ ኪሳቸው ሲገባ ዕዳው በባቡር ኩባንያው ላይ ቀረ። መርማሪ እንዳይነሣባቸውም የምክር ቤት አባሉ ኦክስ ኤምስ የድርጅቱን አክሲዮን ከእውነተኛ ዋጋው በታች ለምክር ቤት ባልደረቦቹ አደለ። ነገሩ በ1872 በጋዜጣ ወጣ፤ በዓመቱ ምክር ቤቱ ኤምስንና ጄምስ ብሩክስን በውሳኔ ወቀሰ እንጂ አንድም አባል አላባረረም።

እኔም በአንድ ደብር የሕንፃ ኮሚቴ ውስጥ ሳገለግል፣ አሸዋ አቅራቢው ከመካከላችን የአንዱ ሸሪክ መሆኑን ያወቅነው ግድግዳው ከቆመ በኋላ ነበር። ግድግዳው ዛሬም አለ፤ ደረሰኞቹን ጎን ለጎን ስንዘረጋቸው ግን ለአንድ መኪና አሸዋ ሁለት ጊዜ ተከፍሏል። ያን ያህል የተናደድሁበት ቀን የለም፤ ገንዘቡ የምእመናን መዋጮ ነበርና።

ከቢቸና
መምህር፣ ሠራተኛውንም እንዳይረሱብኝ። በ1892 በፔንሲልቫኒያ ሆምስቴድ፣ የካርኔጊ ብረት ፋብሪካ ደመወዝ ሊቀንስ ሲነሣና ሠራተኞቹ ሲቃወሙ፣ ኩባንያው ፒንከርተን ከተባለው የግል ጥበቃ ድርጅት 300 ያህል ታጣቂዎችን በጀልባ አመጣባቸው፤ ከሁለቱም ወገን ሰው ሞተ፤ ቀጥሎም የግዛቲቱ ገዥ ሚሊሻ ላከ። ለኩባንያ መሬት የሚቆርስ መንግሥት ለሠራተኛው የላከው ጠመንጃ ነበር። በዚያ ዘመን የሴኔት አባላትን ሕዝቡ ሳይሆን የየግዛቱ ምክር ቤቶች ይመርጡ ስለነበር፣ ባለሀብት ሚሊዮኖችን ማሳመን ሳያስፈልገው ጥቂት ሰዎችን መያዝ ይበቃው ነበር፤ ይህ የተለወጠው በ1913 ነው።

መምህር፣ ከደብረ ማርቆስ
እግዜር ይስጥልኝ። ሰኞ ሁለቱን የአሸዋ ደረሰኞች በሰሌዳው ላይ ጽፌ እጀምራለሁ፤ ክሬዲት ሞቢሊየርን ከዚያ በኋላ አመጣዋለሁ።