በኮኮፒት የተተከለው ቲማቲሜ ፍሬው ከታች ይጠቁራል፤ ምን ላድርግ?

የተከበራችሁ የአትክልት ባለሙያዎች፣ አዲስ አበባ ውስጥ በኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ፣ የአፈር ክብደት ስለሚያሰጋኝ፣ 20 ሊትር በሚይዙ ቀላል የጨርቅ ከረጢቶች ቲማቲምና ቆስጣ በአፈር ፋንታ በኮኮፒት (በተፈጨ የኮኮናት ልጣጭ) ተክያለሁ። ቆስጣው ደህና ነው። የቲማቲሙ የታችኛው ቅጠል ግን ጅማቱ አረንጓዴ እንደሆነ መካከሉ ቢጫ እየሆነ ነው፤ ፍሬውም ከግርጌው ጠቁሮ ይበሰብሳል።

ኮኮፒት የራሱ ምግብ እምብዛም የለውም፤ ፖታሲየምና ሶዲየም ይዞ ይመጣል፣ ካልሲየምንና ማግኒዚየምን ደግሞ ከሚሰጠው ማዳበሪያ ላይ ይዞ ያስቀራል። ሻጩ የታጠበ ነው ቢለኝም (የትኛው ሻጭ አልታጠበም ይላል!)፣ ይህ እንዳይሆን አስቀድሞ በካልሲየም ናይትሬት (ካልሲየም ባለው ማዳበሪያ) ተዘፍዝፎ እንደሆነ ሊነግረኝ አልቻለም። እስካሁን የሰጠሁት ዩሪያና ኤንፒኤስ (ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ሰልፈር ያለው ማዳበሪያ) ሲሆን፣ ከረጢቱም በከሰዓቱ ፀሐይ ቶሎ ይደርቃል።

ስለዚህ የፍሬው መጥቆር የካልሲየም፣ የቅጠሉ ቢጫነት ደግሞ የማግኒዚየም እጥረት መስሎኛል። ተክሉን ሳልነቅል፣ ካልሲየም ናይትሬት በአንድ ሊትር ውኃ ስንት ግራም ልስጠው? ከማግኒዚየም ሰልፌት ጋር በወፍራሙ ሲቀላቀል ስለሚዘቅጥ፣ ሁለቱን በተለያየ ቀን ባጠጣ ይሻላል? ከዩሪያ የሚወጣው አሞኒየም የካልሲየሙን እጥረት የሚያብስ ከሆነስ፣ ዩሪያውን ሙሉ በሙሉ ላቁም ወይስ ልቀንስ? በኮኮፒት ቲማቲም ያለማችሁ ብትመልሱልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።