ክርክር፦ ኃይሉ መርጊያ ከዋልያስ ሲለዩ ሙዚቃችን አተረፈ ወይስ ከሰረ?

የሸክላ ወዳጅ፦
ባለፈው ሳምንት ስለ ዋልያስ ባንድ ስናወራ አንድ ወንድማችን "ኃይሉ መርጊያ ከዋልያስ ከተለዩ በኋላ የሠሩት የማሽን ሙዚቃ ነው፤ የባንድ ዘመናችንን የገደሉትም ያኔ ነው" አለ። ነገሩ ሲከነክነኝ ስለሰነበተ ራሱን ችሎ እንዲያከራክረን ይዤው መጣሁ። ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ታሪኩን ለማያውቅ ባጭሩ ልንገር። ኃይሉ መርጊያ በ1946 ደብረ ብርሃን ተወልደው አዲስ አበባ ያደጉ፣ አኮርዲዮንን በልጅነታቸው ያለ አስተማሪ የለመዱ ሰው ናቸው። በ1970ዎቹ ከዋልያስ ጋር የአዲስ አበባ ሂልተንን ምሽት ይዘው የቆዩት እሳቸው ናቸው። በ1977 የወጣውን "ቼ በለው" የተባለውን ሸክላ ያዳመጠ ያውቃል፤ ድምፃዊ የለበትም፣ ዜማውን የሚያዜመው የኃይሉ ኦርጋን ነው። ሙላቱ አስታጥቄም በቫይብራፎን ተሳትፈውበታል። በ1981 ባንዱ ከማሕሙድ አሕመድና ከጌታቸው ካሳ ጋር አሜሪካን ዞረ። ከዚያ በኋላ ከፊሉ ወደ አገሩ ሲመለስ ከፊሉ ዋሽንግተን ቀረ፤ ኃይሉም ከቀሩት ናቸው። በ1985 ደግሞ አንድ ትንሽ ስቱዲዮ ገብተው አኮርዲዮን፣ ሮድስ ፒያኖ፣ ሙግ ሲንተሳይዘር (ድምፅን በኤሌክትሪክ የሚፈጥር ኪቦርድ)፣ ያኔ ገና አዲስ የነበረውን ያማሃ ዲኤክስ7 እና ሪትም ማሽን ይዘው ብቻቸውን ካሴት ቀዱ።

አቋሜን በግልጽ ላስቀምጥ። ለእኔ ያ ካሴት ከዋልያስ ሥራዎች ይበልጣል። ዋልያስ ውስጥ ኃይሉ ከሌሎች ብርቱ ሙዚቀኞች ጋር ቦታ እየተሻሙ ነው የሚጫወቱት። በካሴቱ ላይ ግን ከበሮው የማሽን ስለሆነ አይፎክርም፣ ጡሩምባ አያቋርጣቸውም፤ አኮርዲዮኑ እንደ አዝማሪ ብቻውን መሐል ላይ ይቆማል። አባቶቻችን በጎረምሳነታቸው የጨፈሩበት የአኮርዲዮን ዜማ በዘመኑ እጅግ አዲስ በሆነ መሣሪያ ላይ ሲያርፍ ማንም ከዚያ በፊት እንዲህ አልሞከረውም ያሰኛል።

የትራምፔት ልጅ፦
ያንን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ አሁንም በቃሌ እጸናለሁ።

አንተ "ጡሩምባ አያቋርጣቸውም" ስትል እንደ በጎ ነገር ቆጠርከው። እኔ ግን የዚያ ጡሩምባ ነፊ ልጅ ነኝ። አባቴ የጦር ሠራዊት ኦርኬስትራ ውስጥ ትራምፔት ተምሮ፣ ከዚያ ከወጣ በኋላ በአንድ ምሽት ክበብ ስድስት ሆነው ይሠሩ ነበር። አንድ ቀን የክበቡ ባለቤት አንድ ኪቦርድ ተጫዋች ቀጥሮ አምስቱን አሰናበተ። የአባቴን ትራምፔት ድምፅ ኪቦርዱ ላይ በአንድ ቁልፍ ያወጡት ነበር። አባቴ ያንን ቆሞ ሰምቶ ወደ ቤት መጣ። ከዚያ በኋላ ትራምፔቱ ከቁም ሳጥን ላይ ወርዶ አያውቅም።

ስለዚህ ስለ ዋልያስ ስንናገር ስለ አንድ ሰው ብቻ አንናገር። ዮሐንስ ተኮላ ትራምፔት፣ ሞገስ ሀብቴ ሳክስፎን ነበሩ። መላከ ገብሬ ቤዝ ይይዙ ነበር። የግርማ በየነስ ስም የት ሄደ? "ሙዚቃዊ ስልት" የሚባለውን ዓለም ሁሉ የሚያውቀውን ሥራ የደረሱት እሳቸው አይደሉም ወይ? የትንፋሽ መሣሪያ የሰው እስትንፋስ ነው። ሦስት ሰው አብሮ ሲተነፍስ የሚፈጠረው ትንሽ መዘግየትና ትንሽ መቅደም ነው ሙዚቃውን የእኛ ያደረገው። ማሽን ይህንን አይሰጥም። ከዚያ ካሴት በኋላ በ1990ዎቹ ገበያውን ያጥለቀለቀውን አስቡት፤ ከበሮው ማሽን፣ ቤዙ ማሽን፣ ሳክሱም ማሽን። መንገዱን የጠረገው ማን ነው?

ዋን ማን፦
ለአባትህ አዝናለሁ፤ ከልቤ ነው የምለው። እኔ ግን የተቀጠረው ኪቦርድ ተጫዋች ነኝ። የአባትህን ቦታ የያዝኩት እኔ አይደለሁም እንጂ የእኔ ቢጤ ነው። በሆቴልና በሠርግ አሥራ ሰባት ዓመት ብቻዬን ተጫውቻለሁ። ስድስት ሰው ከማስተዳደር አንድ ሰው መክፈል ይሻለኛል ብሎ የወሰነው የክበቡ ባለቤት ነው። መሣሪያው ያንን አልወሰነም፤ ኃይሉ መርጊያማ ጭራሽ አልነበሩበትም፣ ውቅያኖስ ማዶ ነበሩ።

ስለ መሣሪያው ግን ጥቂት ልናገር፤ ብዙ ሰው ማሽን ሲባል ቁልፍ ተጭነህ ቁጭ የምትልበት ይመስለዋል። ዲኤክስ7 በ1983 የወጣ ባለ 61 ቁልፍ ኪቦርድ ነው። በአንዴ 16 ድምፅ ያወጣል፣ በውስጡም 32 ድምፆች ተሰናድተው ይቀመጣሉ። አዲስ ድምፅ ልሥራ ካልክ በትንሽ መስኮት ቁጥር እያየህ ነው የምትደክመው፤ አብዛኛው ሰው ስለታከተው ከፋብሪካ የመጣውን ድምፅ እንዳለ ይጠቀማል። የ1990ዎቹ ካሴቶቻችን ሁሉ አንድ ዓይነት ድምፅ ያላቸው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። እዚህ ላይ ከትራምፔት ልጅ ጋር እስማማለሁ።

ዋናው ችግር ግን ቅኝቱ ነው። የመጀመሪያው ዲኤክስ7 ቁልፎቹን በእኩል ርቀት አስቀምጦ ይቆልፋቸዋል። ማሲንቆ የሚመታ ሰው ትዝታን ወይም አምባሰልን ሲጫወት ጣቱን ከዚያ እኩል ርቀት ትንሽ ከፍ፣ ትንሽ ዝቅ ያደርጋል፤ አንቺ ሆዬ ላይማ ልዩነቱ ጆሮ ይወጋል። በኪቦርድ ላይ ይህንን ለማምጣት ግራ እጅህ ድምፅ ማጠፊያዋን ጎማ ይዞ፣ ቀኝ እጅህ ዋናው ድምፅ ላይ ከመድረሱ በፊት ከጎኑ ያለውን እንደ መንካት ብሎ ያልፋል። እኔ ይህንን የተማርኩት ከዚያ የ1985 ካሴት ነው፤ ቴፑን እያቆምኩ፣ እየመለስኩ። ሪትም ማሽኑ እንደ ሰዓት ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ የኃይሉ ቀኝ እጅ ግን ሆን ብሎ ወደ ኋላ ይቀራል። አባትህና ጓደኞቹ በሦስት ሰው ትንፋሽ ያመጡት የነበረውን መዘግየት እሳቸው በአንድ እጅ ነው ያመጡት። አኮርዲዮኑ ደግሞ ወናፍ አለው። አየር ስቦ አየር ይተፋል። እስትንፋስ የለውም ካልከኝ አልስማማም።

የሂልተን ምሽት፦
ልጆቼ፣ ሁላችሁም "ከባንዱ ሲለዩ" ትላላችሁ። አነጋገሩ ልክ አይደለም። ኃይሉ ባንዱን ጥለው አልሄዱም፤ ባንዱ ነው በሁለት አገር የተከፈለው።

እኔ ያንን ዘመን አውቀዋለሁ። ሰዓት እላፊ ነበር። ማታ ሂልተን የገባ ሰው እስኪነጋ መውጣት ስለማይችል ባንዱም እስኪነጋ ይጫወታል። ጨፍረን ደክሞን ወንበር ላይ እንቅልፍ ሲጥለን እንኳ ኦርጋኑ አይቆምም ነበር። ውጪ ምን እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን፤ አንናገረውም። ግጥም የሌለው ሙዚቃ ያን ጊዜ እንዴት እንደሚያሳርፍ ለእናንተ ማስረዳት ይከብደኛል። አንድም ቃል የለውም፣ ግን የልብህን ይነግርሃል።

እኔም በኋላ ወደዚህ፣ ወደ ዋሽንግተን አካባቢ መጣሁ። ያኔ የነበሩን አዳምስ ሞርጋን አካባቢ ያሉ ጠባብ ምግብ ቤቶች ናቸው። ጠረጴዛ ገፍተው ነው መድረክ የሚሠሩት። እዚያ ላይ የትንፋሽ ክፍሉ ተሟልቶ የት ይቆማል? የቀሩት ዙላ ባንድ ብለው ተሰባስበው ቢያንስ ለዓመታት ታግለዋል። ሰው ግን ቀን ሥራ አለው፣ ቤት ኪራይ አለው፣ አገር ቤት የሚጠብቀው አለ። ኃይሉም ኋላ ላይ ታክሲ ነዱ። ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ተራ እስኪደርሳቸው ድረስ ኪቦርዳቸውን ከታክሲው ሻንጣ አውጥተው ይለማመዱ እንደነበር ራሳቸው ተናግረዋል። ባንድ ገደሉ የምትሏቸው እኚህን ሰው ነው? ማሽኑ ለእሳቸው ያልመጡት ጓደኞቻቸው ምትክ ነበር። እኔ እንደዚያ ነው የምሰማው፤ ካሴቱን ስሰማ ደስታ ብቻ አይሰማኝም።

ከለንደን፦
እትዬ፣ ያሉት ነገር ሆዴን በላው። እኔ ከምኖርበት አገር አንድ ማነጻጸሪያ ላምጣ። በዚያው በ1981 ቪንስ ክላርክ የሚባል እንግሊዛዊ ዴፔሽ ሞድ ከተባለው ባንድ ወጣ። የባንዱን የመጀመሪያ አልበም አብዛኛውን የጻፈው እሱ ነበር። ሲንተሳይዘሩን ይዞ ብዙም ሳይቆይ ከድምፃዊት አሊሰን ሞዬ ጋር "ያዙ" (Yazoo) የተባለውን ባንድ መሠረተ፤ በ1985፣ የኃይሉ ካሴት በወጣበት ዓመት፣ ከአንዲ ቤል ጋር ኢሬዠር የተባለውን ባንድ መሠረተ። እዚህ አገር የሲንተሳይዘር ፖፕ ፈር ቀዳጅ ተብሎ ይከበራል። የኛው ሰው በዚያው ዘመን፣ በዚያው ዓይነት መሣሪያ ብቻቸውን ሠሩ። እኛ ግን ፈር ቀዳጅ እንበላቸው ወይስ ገዳይ እያልን እንከራከራለን።

የሚያሳፍረኝ ደግሞ ሌላ አለ። ካሴቱን በ2013 እንደገና ያሳተመው አንድ አሜሪካዊ ነው፤ ያገኘውም ባሕር ዳር ላይ። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ማለት ይኸው ነው።

የሂልተን ምሽት፦
ልጄ፣ ባሕር ዳር ተገኘ ማለትኮ ባሕር ዳር ነበረ ማለት ነው። የያዘው ሰው ነበር፣ ያቆየው ሰው ነበር። ጠፍቶ የተገኘ አታድርጉት። ያ ሰው አሳትሞ ዓለም እንዲሰማው አድርጓል፣ ኃይሉም በሕይወት እያሉ በመድረክ ላይ ጭብጨባ አግኝተዋል፤ ለዚህ አመሰግነዋለሁ። እኛ ቤት ግን ያ ካሴት ጠፍቶ አያውቅም።

የትራምፔት ልጅ፦
እትዬ፣ ስለ ዋሽንግተኑ ያሉትን ተቀብያለሁ። "ገደሉ" የሚለውን ቃል አነሳለሁ፤ ለታላቅ ሰው የሚባል አልነበረም።

ቀሪው ክርክሬ ግን አልተመለሰም። ኃይሉ በ2018 "ላላ በሉ" የሚለውን አልበም ሲያወጡ ከማን ጋር ሠሩ? ከቤዝ ተጫዋችና ከከበሮ መቺ ጋር፣ ከሰዎች ጋር። በ2020 የወጣው "የኔ ምርጫ"ም እንዲሁ ነው። ያኔ ማሽኑ ከ1985ቱ ማሽን መቶ እጥፍ የተሻለ ነበር፤ ስልክ ላይ እንኳ ከበሮ አለ። ማሽን የሚበቃ ቢሆን እሳቸው ለምን ሰው ፈለጉ? የዕድሜ ልክ ልምድ ያለው ሰው ምርጫ ሲያገኝ የመረጠው ነገር ከእኛ ክርክር ሁሉ ይበልጣል። "ካሴቱ ከዋልያስ ይበልጣል" ያልከው ወንድሜ፣ ይህንን መልስልኝ።

የሸክላ ወዳጅ፦
ይህ ጥያቄ ሁለት ቀን አስቆይቶኛል። ሁለቱንም ደጋግሜ ሰማኋቸው፣ ካሴቱንና "ላላ በሉ"ን።

"ይበልጣል" ማለቴ ስሕተት ነበር። ለካ እኔ የወደድኩት ብቸኝነቱን ነው። ያ ብቸኝነት የእሳቸው ምርጫ መስሎኝ ነበር፤ እትዬ ከነገሩን በኋላ ግን እንደዚያ አድርጌ መስማት አልቻልኩም። በአዲሱ አልበም ላይ ከበሮ መቺው ትንሽ ሲገፋቸው የኃይሉ እጅ መልስ ሲሰጥ ይሰማል። ማሽኑ በ1985 እንዲህ አልገፋቸውም፣ አልመለሰላቸውም።

አንድ ነገር ግን አልለቅም። በሦስት ሰው ሲጫወቱ የትንፋሽ ክፍሉን ሥራ አሁንም የሚሠራው የእሳቸው ኪቦርድ ነው። የጡሩምባውን ጥሪ ቀኝ እጃቸው ይጠራል፣ ግራ እጃቸው ይመልሳል፤ አኮርዲዮኑንም ያነሳሉ። ይህ አጨዋወት ዋልያስ ውስጥ ሙሉ ሆኖ አልነበረም። ብቻቸውን በቀሩባቸው ዓመታት፣ በዚያ ካሴትና በዚያ ታክሲ ውስጥ ያደገ ነው። ከ1990ዎቹ የፋብሪካ ድምፅ ጋር አንድ ላይ አትፈርጀው፤ ልጁ ሁሉ አባቱን አይመስልም።

ዋን ማን፦
በዚህ ላይ የዛሬዎቹን ልጆች ጨምሩበት። ሙዚቀኞቹ ሚካኤል ሰይፉና እንደገና ሙሉ፣ በ2018 "ነጸብራቅ"ን ያወጣው ሮፍናን፣ ሁሉም ኮምፒውተር ላይ የአገራችንን ምትና ቅኝት ይዘው ነው የተነሱት። ማሽኑ የእኛን ነገር መሸከም ይችላል ብሎ ለመሞከር አንድ ሰው ቀድሞ መሞከር ነበረበት።

የትራምፔት ልጅ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። የአባትህ ትራምፔት አሁንም አለ? እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ የምጫወትበት ቦታ የሳክሱንና የትራምፔቱን ድምፅ ከኪቦርዱ ላይ ካጠፋሁት ወር አልፎኛል። ይህ ክርክር ከመጀመሩም በፊት ነው። ቦታው ባዶ ነው፣ እየሰማሁት ነው የምጫወተው።

የትራምፔት ልጅ፦
አለ። ትናንት ማታ አውርጄ አየሁት። ሁለተኛው ቁልፍ ተጣብቆ አይወርድም፣ የአፉ ነገር ግን ደህና ነው።

አቋሜን አልቀየርኩም፤ ስድስት ሰው ከአንድ ሰው ይሻላል። አባቴ አሁን አይነፋም፣ ጥርሱም ትንፋሹም የለም። ታናሽ ወንድሜ ግን ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ከአንድ አስተማሪ እየተማረ ነው። ቁልፉን የሚያፍታታ ሰው ካወቅህ አድራሻውን ለብቻዬ ላክልኝ።