ኤስኪውኤል-አልኬሚ ቴብል ላይ ፊልፋክተር አልቀበልም አለኝ፤ በየት ላስገባው?

ጥያቄ፦ ከደብረ ብርሃን

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የመንዝ በግ አርቢዎች መዝገብ በፓይተን እየሠራሁ ነው። ዳታቤዙ ፖስትግሬስ ነው፤ ቴብሎቹን የሚፈጥርልኝ ኤስኪውኤል-አልኬሚ 2.0 የሚባለው የፓይተን ላይብረሪ ነው። አንዱ ቴብል ላይ ለእያንዳንዱ በግ አንድ ረድፍ አለ። በጉ በተመዘነ ቁጥር «የመጨረሻ ክብደት» የሚለው ይታደሳል። ስለዚህ ፊልፋክተሩን (የቴብሉ ገጽ ሲጻፍ ስንት ፐርሰንቱ ይሞላ፣ ቀሪው ክፍት ይቆይ የሚለውን) 70 ላደርገው ፈለግሁ።

«ፖስትግሬስኪውኤል_ዊዝ» ብዬ ቴብሉ ላይ ስጽፍ፣ «ይህ አርጊውመንት ለቴብል አይፈቀድም» የሚል ኤረር ይወጣል። ኢንዴክስ ላይ ግን ይሠራል! ላፕቶፔ ላይ ቴስት የማደርገው ኤስኪውላይት በሚባለው ሌላ ትንሽ ዳታቤዝ ነው፤ እሱም እንዳይበላሽብኝ። እባካችሁ ተባበሩኝ።

መልስ፦ ከመሐል ሜዳ

እህቴ፣ ሐሳብሽ ትክክል ነው። ፖስትግሬስ ረድፍ ሲታደስ አዲስ ቅጂ ይጽፋል። 8 ኪሎባይቱ ገጽ ላይ ክፍት ቦታ ካገኘ ቅጂውን እዚያው ያስቀምጠዋል፤ ኢንዴክሱንም አይነካም። ክብደቱ ላይ ኢንዴክስ ካለሽ ግን ይህ ጥቅም ይቀርብሻል፤ መጀመሪያ እሱን እዪ።

ኤረሩ የመጣው እያንዳንዱ ዳያሌክት (ኤስኪውኤል-አልኬሚ ለየዳታቤዙ ዓይነት ያለው ክፍል) ለቴብል እና ለኢንዴክስ የሚቀበላቸው አርጊውመንቶች ለየብቻ ስለተመዘገቡ ነው። በስሪትሽ የቴብሉ ዝርዝር ውስጥ «ዊዝ» የለም። «ፓርቲሽን_ባይ» (ቴብሉን መከፋፈያ) እና «ቴብልስፔስ» (ቴብሉ ዲስክ ላይ የሚቀመጥበት ቦታ) ግን አሉ። «ክሪኤት» እና «ቴብል» መካከል የሚገባ ቃል ከሆነ ደግሞ፣ ለምሳሌ «አንሎግድ»፣ «ፕሪፊክስስ» የሚለው አርጊውመንት ይበቃል። ያንቺ መጨረሻ ላይ የሚገባ ስለሆነ ሌላ መንገድ ያስፈልገዋል።

«ኮምፓይልስ» የሚባለውን ዲኮሬተር ተጠቀሚ። «ክሪኤትቴብል» የሚለውን ክላስ እና «ፖስትግሬስኪውኤል» የሚለውን ስም ስጪው። ከሥሩ የምትጽፊው ፈንክሽን መጀመሪያ የኮምፓይለሩን «ቪዚት_ክሪኤት_ቴብል» ይጥራ፣ የወጣውን ጽሑፍ ይቀበል፣ ከኋላው «ዊዝ (ፊልፋክተር=70)» ይቀጥል። ቁጥሩን ከቴብሉ «ኢንፎ» ዲክሽነሪ አንብቢው፤ እዚያ የፈለግሽውን ብታስቀምጪ ማንም አይከለክልሽም። የዳያሌክቱን ስም ስለሰጠሽው ኤስኪውላይት በነበረበት ይቀጥላል።

አደራ፣ ፈንክሽኑ ውስጥ «ፕሮሰስ»ን እንዳትጠሪ። ራሱን መልሶ እየጠራ ማለቂያ ያጣል።

መልስ፦ ከሸዋ ሮቢት

መሐል ሜዳ ያለው ይሠራል፤ አንድ ነገር ግን ልጨምር። ፖስትግሬስ ለቅደም ተከተል ግትር ነው። «ፓርቲሽን ባይ»፣ «ዩዚንግ»፣ «ዊዝ»፣ «ኦን ኮሚት»፣ «ቴብልስፔስ»፤ በዚህ ተራ ካልመጣ አይቀበልም። ቴብልስፔስ የምትጠቀሚ ከሆነ ከጫፍ የቀጠልሽው «ዊዝ» ከእሱ በኋላ ይወድቅና ሲንታክስ ኤረር ታገኛለሽ። ያኔ «ዊዝ»ን ከፊቱ ማስገባት ግድ ነው።

ቁጥሩንም «ኢንፎ» ውስጥ ከመደበቅ በ«አርጊውመንት_ፎር» ብታስመዘግቢው እመርጣለሁ። «ቴብል»፣ «ፖስትግሬስኪውኤል»፣ «ፊልፋክተር» ብለሽ አንዴ ካስመዘገብሽ፣ ከዚያ ወዲያ «ፖስትግሬስኪውኤል_ፊልፋክተር» ሕጋዊ አርጊውመንት ነው። ስሙን አሳስተሽ ብትጽፊ ኤረሩ ወዲያው ይነግርሻል፤ «ኢንፎ» ዝም ብሎ ያልፍሻል።

ለመሞከር ዳታቤዝም አያስፈልግም። «ክሪኤትቴብል»ን በፖስትግሬስ ዳያሌክት ኮምፓይል አድርጊና ፕሪንት አድርጊው። ኔትዎርክ ባይኖርም ጽሑፉን ታዪዋለሽ።

ጠያቂዋ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ! በ«አርጊውመንት_ፎር» አድርጌው ፕሪንት ላይ በትክክል ወጣ። ሰርቨሩ ላይ ግን ቴብሉ እንደድሮው ነው። «ክሪኤት_ኦል» ያለ ኤረር ነው የጨረሰው። ለምን ይሆን?

መልስ፦ ከደብረ ሲና

ቴብሉ ቀድሞ ስላለ ነው። «ክሪኤት_ኦል» የሌለውን ይፈጥራል እንጂ ያለውን አያሻሽልም። «ኦልተር ቴብል ... ሴት (ፊልፋክተር=70)» ብለሽ በእጅሽ ላኪው። ይህ የሚሠራው ከአሁን በኋላ ለሚጻፈው ነው። የድሮዎቹ ገጾች እንዲስተካከሉ «ቫኪዩም ፉል» ያስፈልጋል፤ እሱ ደግሞ ቴብሉን ለንባብም ጭምር ይቆልፋል። በጎቹ በሚመዘኑበት ቀን አትንኪው፤ ማታ ሰው በሌለበት አድርጊው።

መግባቱን «ፒጂ_ክላስ» በሚባለው የፖስትግሬስ የራሱ ቴብል ውስጥ «ሬልኦፕሽንስ» ዓምድ ላይ ታገኚዋለሽ። «ፊልፋክተር=70» የሚል ካለ ጨርሰሻል።

ፈንክሽኑ ያለበትን ሞጁል ማይግሬሽኑም (የዳታቤዙን ቅርጽ የሚቀይረው ስክሪፕት) ላይ ኢምፖርት ማድረግ እንዳትረሺ። ያለዚያ አርጊውመንቱ አይታወቅም፤ «ዊዝ»ም አይጻፍም።

ጠያቂዋ፦

በጣም አመሰግናለሁ። ወደፊት የሚዛን ታሪኩን በበጀት ዓመት ልከፋፍለው አስቤአለሁ። ያው ፈንክሽን ይበቃኛል?

መልስ፦ ከሸዋ ሮቢት

ለዋናው ቴብል አይሆንም። ፖስትግሬስ የተከፋፈለ እናት ቴብል ላይ ፊልፋክተር አይፈቅድም፤ ልጆቹ ላይ ብቻ ነው። ልጆቹን ደግሞ በ«አፍተር_ክሪኤት» ኢቨንት በንጹሕ ኤስኪውኤል ፍጠሪያቸው፤ «ዊዝ»ንም እዚያው ጻፊው። ፕራይመሪ ኪይው ውስጥ ቀኑ መኖር አለበት።

ድንበሩ ሐምሌ 1 ነው፤ በፈረንጅ ጁላይ 8። የ2017 በጀት ዓመት ከ2024-07-08 እስከ 2025-07-08 ብለሽ ጻፊው። «እስከ» የተባለው ቀን ራሱ አይካተትም፤ 07-07 ብለሽ ከጻፍሽ የሰኔ 30 ሚዛን መግቢያ ያጣል።