የካርቦን ፋይበር ንጣፍ ከኮንክሪት ጋር ያለው ጥብቀት በድንገተኛ ጭነት ጊዜ ይጨምራልን?

ጥያቄ (የመዋቅር ተማሪ)

ቢሞችን (ጭነት የሚሸከሙ አግዳሚ የመዋቅር አካላትን) ለማጠናከር ከታችኛው ፊታቸው ላይ የሚለጠፈው የካርቦን ፋይበር ንጣፍ፣ ጭነቱ በዝግታ ሲጨምር አብዛኛውን ጊዜ ከመበጠሱ በፊት እንደሚላቀቅ አውቃለሁ። ይሁን እንጂ ተመሳሳዩ ቢም በተሽከርካሪ ቢገጭ ወይም የፍንዳታ ግፊት ቢያርፍበት ጥብቀቱ እንደሚጨምር አንብቤአለሁ። ምክንያቱ ምንድን ነው? ጥብቀቱ ከጨመረስ ንጣፉን ማሳጠር ይቻላልን?

መልስ (ቤተ ሙከራ)

በመጀመሪያ የሚሰነጠቀው የትኛው ክፍል እንደሆነ መለየት ይገባል። ልጠፋው በሚገባ ከተሠራ ስንጥቁ የሚሄደው በኢፖክሲው (በማጣበቂያው ሙጫ) ውስጥ ሳይሆን ከሥሩ ባለው፣ ውፍረቱ ጥቂት ሚሊሜትር በሆነ የኮንክሪት ገጽ ውስጥ ነው፤ የተላቀቀውን ንጣፍ ገልብጠው ቢመለከቱት ኮንክሪት ተጣብቆበት ያገኙታል። ስለዚህ ጥያቄዎ በአመዛኙ ስለ ኮንክሪቱ ነው። በዝግታ ሲሳብ ስንጥቁ ደካማውን መንገድ እየመረጠ በጠጠሮቹ ዙሪያ ይጠማዘዛል፤ በፍጥነት ሲሳብ ግን ፋታ ስለማያገኝ ጠጠሮቹን ሳይቀር እየሰነጠቀ ያልፋል፣ በርካታ ጥቃቅን ስንጥቆችም በአንድ ጊዜ ይከፈታሉ፤ ይህም የበለጠ ኃይል ይጠይቃል። ኢፖክሲውም በፍጥነት ሲጫን ይጠነክራል፤ የካርቦን ፋይበሩ ራሱ ግን እምብዛም አይለወጥም።

መልስ (ነዳፊ)

ስለ ርዝመቱ ልጨምር። ከተወሰነ ርዝመት በላይ የተለጠፈ ንጣፍ የሚሸከመውን ኃይል አይጨምርም። ይህን ርዝመት ለማስላት በተለመደው፣ በተመራማሪዎቹ ቼንና ቴንግ ስም በሚጠራው ቀመር የንጣፉን ግትርነት በውፍረቱ አባዝተን ለኮንክሪቱ ጥንካሬ ስኩዌር ሩት ካካፈልን በኋላ የውጤቱን ስኩዌር ሩት እንወስዳለን። ግትርነቱ 230,000 ሜጋፓስካል፣ ውፍረቱ 0.167 ሚሊሜትር፣ የኮንክሪቱ ጥንካሬ 30 ሜጋፓስካል ቢሆን 84 ሚሊሜትር ያህል ይሆናል። በፈጣን ጭነት ይህ ርዝመት ያጥራል፤ ኃይሉ በጠባብ ስፍራ ላይ ይከማቻልና። ከዚህ ተነስቶ ንጣፉን ማሳጠር ግን ስሕተት ነው፤ መላቀቁ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከጫፍ ሳይሆን ቢሙ ሲታጠፍ መሐሉ ላይ ከሚከፈት ስንጥቅ ሥር ስለሆነ፣ ቀሪው ርዝመት ንጣፉ በአንድ ጊዜ እንዳይገነጠል ያግዛል።

መልስ (የጥገና መሐንዲስ)

እኔ በንድፍ ስሌት ውስጥ ይህን ጭማሪ አላስገባውም። ኮንክሪቱ በፍጥነቱ ምክንያት ሲጠነክር ደካማው ስፍራ ወደ ኢፖክሲውና ኮንክሪቱ መገናኛ ሊሸሽ ይችላል፤ በዚያ ደግሞ ወሳኙ የገጹ አዘገጃጀት ነው። የሲሚንቶ ልፋጩ (በኮንክሪቱ ገጽ ላይ የሚቀረው ደካማ ስስ ሽፋን) ካልተፋቀ፣ አቧራው ካልተጠረገ ወይም እርጥበት ካለ ስንጥቁ ጠጠር ሳይነካ ሙልጭ አድርጎ ይለየዋል። በአሜሪካው የኮንክሪት ተቋም መመሪያ ንጣፉ ቀጥ ብሎ ተስቦ ሲፈተሽ ቢያንስ 1.4 ሜጋፓስካል መቋቋም አለበት፤ ይህ ግን በዝግታ የሚደረግ ፍተሻ መሆኑን አይዘንጉ። በተጨማሪም የተመታ ቢም ወደ ላይ ሲመለስ የታችኛው ፊቱ ሊጨመቅ፣ ስስ ንጣፉም ሊታጠፍና ሊነቀል ይችላል። ለግጭት የተጋለጠ ቢም ከሆነ፣ ንጣፉን ከማሳጠር ይልቅ ጎንና ጎኑን ይዞ በሚጠቀልል ተጨማሪ ንጣፍ ቢያስሩት እመርጣለሁ።