እናቴ ታፋዋ ተሰብሮ ኦፕሬሽን ተባለ፣ ቤተሰብ አልተስማማም

የቂርቆስ ልጅ፦
ሰላም ናችሁ? እናቴ 74 ዓመቷ ነው፣ መታጠቢያ ቤት አዳልጧት ወደቀችና ከዛ ወዲህ መቆም አልቻለችም፣ ቀኝ እግሯ አጥሮ ወደ ውጪ ዞሯል። ራጅ ስትነሳ የታፋ አጥንቷ ከዳሌዋ ስር ተሰብሯል አሉን፣ ወረቀቱ ላይ ኢንተርትሮካንተሪክ ይላል። ሐኪሙ ቶሎ ኦፕሬሽን ተሰርታ ብረት ይግባላት ብሏል። አጎቴ ግን በዚህ እድሜዋ ቢላ አይነካትም፣ ጎበዝ ወጌሻ አውቃለሁ፣ ቤቷ ተኝታ ይገጥምላታል ብሎ ድርቅ አለ፣ እሱ ደሞ የቤቱ ታላቅ ስለሆነ እሺ ካላለ ሌላው ዘመድ አይንቀሳቀስም። ስኳርና ግፊት ስላለባት ሰመመኑን ትችለዋለች ወይ ብዬ እኔም ፈርቻለሁ። በዚህ ያለፈ ሰው ካለ እባካችሁ። ከተሰራች በኋላ ስንት ጊዜ ይፈጃል? ትራመዳለች?

ነርስ ነኝ፦
ወንድሜ እግዜር ይማርልህ። ኦርቶፔዲክ ዋርድ ነው የምሰራው፣ የእናትህን አይነት ስብራት ሁሌ እናያለን። ያ ቦታ ደም በደንብ የሚያገኝ ስለሆነ አጥንቱ መግጠሙ ላይቀር ይችላል፣ አጎትህ ይገጥማል ያሉት እውነትነት አለው። ችግሩ እስኪገጥም ድረስ ያለው መተኛት ነው። ድሮ እግር ላይ ክብደት ተንጠልጥሎ ሁለት ሦስት ወር ይተኛ ነበር፣ ኦፕሬሽን በሌለበት ዛሬም አለ፣ በዛ መሃል የአልጋ ቁስል፣ የሳንባ ምች፣ የሽንት ኢንፌክሽን ይመጣል፣ እግር ውስጥ ደም ይረጋና ወደ ሳንባ ይሄዳል፣ ትልልቅ ሰዎችን የምናጣው በዚህ ነው። ደሞ የታፋ ጡንቻ ሃይለኛ ስለሆነ አጥንቱን ወደ ላይ ይስበዋል፣ እግሯ ያጠረውም ለዛ ነው፣ ስለዚህ ዝም ብሎ ቢገጥም እንኳን አጥሮና ተጣሞ ነው የሚገጥመው። ወጌሻ ይሄን በማሸት አይመልሰውም፣ ህመሙን ብቻ ነው የሚያብስባት፣ እባክህ እንዳታስነካት።

ሰመመኑን በተመለከተ ብዙ ጊዜ ስፓይናል ነው የሚሰጠው፣ ከወገብ በታች ብቻ ያደነዝዛል። ስኳሯና ግፊቷ ተራዋን ስትጠብቅ ይስተካከላል፣ እሱን ብላችሁ ግን ሳምንታት አታዘግዩ። እንግሊዝ አገር መመሪያቸው በገባችበት ቀን ወይ በማግስቱ ትሰራ፣ ከተሰራች በማግስቱ ደሞ ከአልጋ ትነሳ ነው የሚለው። እኛ ጋ ብረቱ እስኪገኝ፣ የኦፕሬሽን ክፍል ተራ እስኪደርስ ይቆያል፣ ቢያንስ መዘግየቱ ከቤተሰብ እንዳይመጣ።

የሚገባው ብረት ወይ ከጎን ፕሌት ያለው ትልቅ ብሎን ነው፣ ዲ ኤች ኤስ ይሉታል፣ ወይ አጥንቱ ውስጥ የሚገባ ዘንግ ነው። ብሎኑ በፕሌቱ ውስጥ ትንሽ እንዲንሸራተት ሆኖ የተሰራ ስለሆነ ስትረግጥበት አጥንቱ እርስ በርሱ ይጫጫናል፣ ይሄም መግጠሙን ይረዳል። ስብራቱ ብዙ ቦታ የተከፋፈለ ከሆነ ግን ብዙ ሐኪሞች ዘንጉን ይመርጣሉ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
ሰላም ወንድሜ፣ የኔ እናት የተሰበረችው እዚህ አሜሪካ ነው፣ የሷ ግን የታፋ አጥንቱ አንገት ጋ ነበር፣ ፌሞራል ኔክ የሚሉት። እዛ ጋ ተሰብሮ ከቦታው ከለቀቀ ወደ አጥንቱ ራስ የሚሄደው ደም ስለሚቋረጥ የአጥንቱ ራስ ሊሞት ይችላል አሉን፣ ስለዚህ በሷ እድሜ ብሎን ከማስገባት ብለው ራሱን አውጥተው በብረት ቀየሩላት። ሰው የነገራችሁን ሁሉ አንድ ላይ አትስሙ፣ የተሰበረበት ቦታ ሲለይ ህክምናውም ይለያል። በማግስቱ ጠዋት የፊዚዮቴራፒ ልጅ መጥታ በዎከር አቆመቻት፣ እኔ ጨካኝ መስላኝ አልቅሼ ነበር፣ አሁን አመሰግናታለሁ። እንደሷ መገጣጠሚያው ለተቀየረለት ዱካ ላይ መቀመጥ፣ እግር ማነባበር፣ ቁጢጥ የሚባልበት ሽንት ቤት መጀመሪያ አካባቢ ክልክል ነው፣ ስግደትም ቆየት ይላል። የናንተ ባይቀየርም ከፍ ያለ መቀመጫ ያለው ሽንት ቤት አዘጋጁላት፣ መነሳቱ ይቀላታል።

ሞተረኛው፦
እኔ ወጣት ነኝ፣ በሞተር ነው ከዳሌዬ ትንሽ ዝቅ ብሎ የተሰበርኩት፣ ሳይን የሚባለው ዘንግ ነው የገባልኝ። በ1999 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ዋሽንግተን ስቴት የተቋቋመ ድርጅት ነው የሚሰራው፣ ኦፕሬሽን እየተሰራ አጥንቱን በራጅ የሚያሳየው ሲ-አርም ማሽን በሌለበትም እንዲገባ ታስቦ የተሰራ ነው፣ ለድሃ ታካሚም በነጻ ይላካል። ጨዋው ከኔ አጥንት የናትህ ይቀላል ብለህ እንዳትዘናጋ፣ እኔ ሲጋራ ስለማጨስ ቶሎ አልገጠመም አሉኝ፣ ካቆምኩ በኋላ ነው ራጁ ላይ መሙላት የጀመረው። ቤት ውስጥ የሚያጨስ ካለ ከሷ ራቅ ይበል።

የቂርቆስ ልጅ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ለአጎቴ ጽሁፋችሁን አነበብኩለት፣ ስለ መተኛቱ ስትነግሩት ዝም አለ፣ የሱ እናት እንደዛ ተኝታ ነው ያረፈችው። ነገ ጠዋት አብሮኝ ሐኪሙ ጋ ይመጣል። ምን ልጠይቅ?

ነርስ ነኝ፦
ጎሽ። ደም ያስፈልጋት እንደሆነ ጠይቁ፣ ለጋሽ ከፈለጉ የሚሰጥ ዘመድ ከአሁኑ ይዘጋጅ። ከኦፕሬሽን በኋላ ሙሉ መርገጥ ይፈቀድላት እንደሆነ በግልጽ ይናገሩላችሁ፣ ብዙ ቤተሰብ ይፈራና ያስተኛል። የደም ማቅጠኛ መርፌው ብዙ ጊዜ አንድ ወር አካባቢ ይሰጣል፣ ቤት ስትገቡ እንዳይቋረጥ። ባቷ ካበጠ ወይ ድንገት ትንፋሽ ካጠራት ሳታድሩ ድንገተኛ ክፍል ውሰዷት፣ ቁስሉ ፈሳሽ ካወጣም እንደዛው። አጥንቱ በራጅ ገጠመ ለመባል ሦስት አራት ወር፣ አንዳንዴ ስድስት ይፈጃል፣ መራመዱ ግን እሱን አይጠብቅም። መጀመሪያ በዎከር፣ ቀጥሎ በከዘራ፣ አንዳንዱ ሰው ከዘራው አይቀርለትም። በአንድ መውደቅ ከተሰበረች አጥንቷ ሳስቷል ማለት ሊሆን ይችላል፣ ስለዚህ ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ ብቻ ይበቃል ወይስ የአጥንት ማጠንከሪያ መድሃኒትም ትጀምር ብላችሁ ጠይቁ፣ እሱ ይረሳና ሌላኛው እግር ይሰበራል። እንቁላል፣ ሽሮ፣ ምስር፣ ወተት አብዙላት። መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ደሞ ከመመለሷ በፊት መያዣ ብረት ግድግዳው ላይ አስመቱ።