ኤች-ኢንዴክስ ከጎግል ስኮላር ወይስ ከስኮፐስ?

ሰዓዳ፣ ከዚራ፦ ሰላም ናችሁ። ለማዕረግ ዕድገት ኤች-ኢንዴክስ (የተመራማሪ ወረቀቶች ምን ያህል በሌሎች እንደተጠቀሱ የሚለካ ቁጥር) ተጠይቋል። ወረቀቶችንና መጠቀሳቸውን ከሚመዘግቡት ድረ ገጾች ጎግል ስኮላር 8፣ ስኮፐስ 5 ይላል። የትኛውን ልጻፍ?

የጀጎሉ፣ ሐረር፦ ሁለቱንም ከነምንጩና ከነቀኑ ጻፊ። ጎግል ስኮላር የመመረቂያ ጽሑፍና ሪፖርት ውስጥ የተጠቀሰውንም ስለሚቆጥር ከፍ ይላል፤ ስኮፐስ መርጦ ያስገባቸውን ሕትመቶች ብቻ ነው የሚያየው። በእጅሽም አረጋግጪ። ወረቀቶችሽ የተጠቀሱበትን ብዛት ከትልቁ ጀምረሽ ደርድሪ፤ የተጠቀሰበት ብዛት ከተራ ቁጥሩ ካላነሰ ወረቀቱ ያልፋል፦ 31፣ 18፣ 12፣ 7፣ 6፣ 4 ቢሆን፣ አምስተኛው 6 ስላለው ያልፋል፤ ስድስተኛው 4 ብቻ ስለሆነ ይወድቃል። ስለዚህ 5 ነው።

ሳቢያን፣ ድሬ፦ የስሙ ነገር እንዳይረሳ! እኛ ጋ የአባት ስም እንጂ የቤተሰብ ስም የለም። አንዱ ጆርናል «ከበደ አ.»፣ ሌላው «አልማዝ ከ.» ብሎ ሲያትም ስኮፐስ አንዷን ሴት ሁለት ያደርጋታል፤ ቁጥሩም ይበታተናል። በሁሉም አጻጻፍ ስምሽን ፈልጊና የተከፈሉት ገጾች እንዲዋሃዱ እዚያው ጠይቂ፤ ክፍያ የለውም። ለወደፊቱ ባለ 16 አሃዙን የኦርኪድ ቁጥር (የተመራማሪ መለያ) በየወረቀቱ አስገቢ።

የጀጎሉ፣ ሐረር፦ ትክክል። ኮሚቴው የሒሳብ መምህርን ከሕክምና ተመራማሪ ጋር በዚህ ቁጥር ካወዳደረ ግን ተቃወሙ፤ በሕክምና ብዙ ስለሚታተም መጠቀሱም ይበዛል።