የመስኖ ውሃው ግርጌ አይደርስም፤ ቦዩን በሲሚንቶ ማሠራት ይፈታው ይሆን?

የቃሉ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁም። እኛ ሐርቡ አካባቢ ከወንዝ ተጠልፎ በሚመጣ ውሃ ነው የምናለማው። ማሳችን ቦዩ ጫፍ ላይ ነው። በጋው ሲገፋ ወንዙ ይቀንስና ተራችን መቼ እንደሚደርስ የሚያውቅ ሰው ይጠፋል። ዘንድሮም ሽንኩርቱ ራስ መቋጠር ሲጀምር ውሃ አጣ። ራስጌ ያሉት ግን ውሃው ማሳቸው ላይ እስኪተኛ ያጠጣሉ፣ ሌሊት ደግሞ ጠባቂ ስለሌለው መንገድ ላይ ይፈሳል። አሁን ኮሚቴው «ቦዩ በሲሚንቶ ይሠራ፣ አዋጡ» እያለን ነው። አባቴ ማዋጣቱን አይጠላም። የሚያሳስበው ብሩ ወጥቶም ውሃው እዚያው ራስጌ እንዳይቀር ነው። እናንተ ጋ እንዴት ፈታችሁት?

ደረቅ ቦይ፦
ወንድሜ፣ ሳታዋጡ በፊት ለኩ። መሣሪያ አያስፈልግም። ቦዩ ቀጥ ያለበት ቦታ ላይ 10 ሜትር ምልክት አድርጉ፣ ደረቅ እንጨት ጣሉ፣ ስንት ሰከንድ እንደፈጀ በስልካችሁ ያዙ። የውሃው ወርድ 60 ሳንቲ ሜትር፣ ጥልቀቱ 20 ሳንቲ ሜትር ቢሆንና እንጨቱ በ40 ሰከንድ ቢደርስ፣ ወርዱን በጥልቀቱና በፍጥነቱ (10 ሜትር ለ40 ሰከንድ ተካፍሎ) አባዙት፤ ላይ ያለው ውሃ ከታችኛው ስለሚፈጥን ውጤቱን በ0.85 ስታባዙት በሰከንድ 25 ሊትር ገደማ ይሆናል። በሰዓት 90 ሜትር ኩብ ማለት ነው።

ይህን ራስጌ፣ መሐልና ግርጌ ላይ በአንድ ቀን ለኩ፣ መሐል ላይ ማንም ሳይከፍት። ውሃው የት ቦታ እየሰረገ እንደሆነ ያኔ ታያላችሁ። አሸዋማ የሆነው ቁራጭ ብቻ ከሆነ የሚያሰርገው እሱን ብቻ አሠሩ። ልዩነቱ ትንሽ ከሆነ ደግሞ ችግራችሁ ቦዩ አይደለም፣ ተራው ነው።

ለአንድ ጥማድ (ሩብ ሄክታር) 40 ሚሊ ሜትር ውሃ ለመስጠት 100 ሜትር ኩብ ነው የሚያስፈልገው። ግማሹ ባክኖ እንኳ 200 ብትሉት፣ በዚያ ቦይ ከ2 ሰዓት ትንሽ ቢበልጥ ነው። የሽንኩርት ሥር ጥልቅ አይደለም። ሙሉ ቀን የሚያጠጣ ሰው ውሃውንም ዩሪያውንም ከሥሩ በታች እየሰደደው ነው።

የራስጌዋ፦
እኔ ራስጌ ነኝ፣ ስለኛ ሲወራ ዝም ማለት አልቻልኩም። ውሃውን የምናስተኛው ጠግበን አይደለም። የሚቀጥለው ተራ በሳምንት ይሁን በወር ስለማናውቅ ስናገኝ እንሞላለን። ቀኑ ቢታወቅ ማን በከንቱ ቆሞ ያድራል? እኛ ጋ የተረጋጋው ተራው በቀንና በሰዓት ተጽፎ ለየቤቱ ሲሰጥና አንዱ ዙር ከራስጌ ከጀመረ ቀጣዩ ከግርጌ እንዲጀምር ስንስማማ ነው።

የሌሊቱን ተራ ግን አደራ። ባሏ የሞተባት ሴት ብቻዋን እኩለ ሌሊት ቦይ ስትጠብቅ ማደር አትችልም፣ ሰው ስታጣ ተራዋን ታስነጥቃለች። ሌሊቱን እያፈራረቃችሁ ስጡ፣ የአንድ ቤት ቋሚ ዕጣ አይሁን።

ቆቦ ሜዳ፦
እኛ ደግሞ የጉድጓድ ውሃ ነው፣ በኤሌክትሪክ ፓምፕ የሚሳብ። ጠብታ መስኖም አይተናል። ውሃ ይቆጥባል፣ ግን ማጣሪያው ካልጸዳ ቀዳዳው ይደፈናል፣ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ሁሉም ቆመ ማለት ነው። ዋናው የምላችሁ ይህን ነው፦ ውሃ ስትቆጥቡ «ተረፈ» ተብሎ ራስጌ አዲስ መሬት እንዳይታረስበት። እንደዚያ ከሆነ ለግርጌው የሚደርስ ነገር የለም። በጋ ላይ ስንት ጥማድ እንደሚለማ ወንዙን አይታችሁ ቀድማችሁ ወስኑ። ውሃው ካነሰ ከፊሉ መሬት ማሾ ይዘራበት፣ ቶሎ ይደርሳል፣ እንደ ሽንኩርት ቶሎ ቶሎ ጠጡኝ አይልም።

አብሽር፦
ተራ መጻፉ ጥሩ ነው፣ የሚያስከብረው ከሌለ ግን ወረቀት ነው። ውሃ የሰረቀ ሰው ኮሚቴ ላይፈራ ይችላል፣ ቅሬውን (እድሩን) ግን ይፈራል። ሸሁም ቄሱም ባሉበት መተዳደሪያው ይነበብ፣ ቅጣቱም በቅሬው ይጽና። በዚያው የመስኖ ውሃ ተጠቃሚዎች ማህበር ሆናችሁ ተመዝገቡ። አዋጅ ቁጥር 841/2006 አለ፣ ማህበሩ ሕጋዊ ሰውነት ይኖረዋል፣ የምታዋጡትም ብር በማን እጅ እንዳለ ይታወቃል። ኮሚቴው ውስጥ የግርጌ ሰው መኖሩንም አረጋግጡ።

የቃሉ ልጅ፦
ሁላችሁንም አላህ ይስጥልኝ። እህቴ የራስጌዋ፣ ያልሽውን ለአባቴ አነበብኩለት፣ «ልክ ናት» አለ። መዋጮው ከመሰብሰቡ በፊት ይለካ ብለን ልንጠይቅ ነው። ደረቅ ቦይ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ፦ ቦዩ ውስጥ ሳር በቅሏል፣ ከነሳሩ ብንለካ ችግር አለው?

ደረቅ ቦይ፦
አለው። ሳሩ ውሃውን ያዘገየዋል፣ ከፍታውንም ጨምሮ በጎን ያፈሰዋል። ከነሳሩ አንዴ ለኩና መዝግቡት። ከዚያ ሁሉም በየማሳው ፊት ያለውን ያጽዳ፣ ደለሉንም ያውጣ፣ እንደገና ለኩ። ሲሚንቶ ሳይገዛ ምን ያህል ውሃ ግርጌ እንደሚደርስ ያን ቀን ታያላችሁ። ሁለቱንም ቁጥር ለኮሚቴው አሳዩ።